የተንታኙ ጥያቄ በየትኛው መንገድ ወደ ሰብሳቢው ይድረስ? የስለላ ተቋማት የሞከሯቸው አምስት አሠራሮች በንጽጽር

በማንኛውም የስለላ ተቋም ውስጥ ምን እንደጎደለ የሚያውቀው ተንታኙ ሲሆን፣ ምን ማግኘት እንደሚቻል የሚያውቀው ደግሞ ሰብሳቢው ነው። ተንታኙ በዋናው መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ከየአቅጣጫው የሚደርሱትን ሪፖርቶች ያነጻጽራል። ሰብሳቢው ሰላዮችን የሚያሠማራ መኮንን፣ የሬዲዮ ግንኙነት የሚጠልፍ ባለሙያ ወይም የስለላ አውሮፕላንና ሳተላይት የትኛውን ቦታ በየትኛው ሰዓት ፎቶግራፍ እንደሚያነሣ የሚወስን ሰው ሊሆን ይችላል። የሁለቱ ሥራ፣ ባህልና ምስጢር አጠባበቅ ስለሚለያይ ጥያቄው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድበት መንገድ በራሱ አይፈጠርም፤ አንድ ሰው ተቀምጦ ሊያደራጀው ይገባል።

ይህ ጽሑፍ ይህንን መንገድ ለማደራጀት አሜሪካ፣ ብሪታንያና እስራኤል የሞከሯቸውን አምስት አሠራሮች ያነጻጽራል። የተጻፈው የጸጥታ ተቋማትን አደረጃጀት ለሚያጠኑ፣ በማሻሻያው ላይ ለሚከራከሩና መዋቅር ለሚያረቁ አንባቢዎች ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

መመዘኛዎቹ

አንድን አሠራር ከሌላው ለመምረጥ በቅድሚያ ሦስት ነገሮች ይታያሉ። የመጀመሪያው የጥያቄው ዕድሜ ነው፤ የአንድን አገር የኑክሌር መርሐ ግብር መከታተል አሥርት ዓመታትን ሲወስድ፣ አንድን ተፈላጊ ሰው ማደን ግን ነገ የሚለዋወጥ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው የመሰብሰቢያው መሣሪያ ውድነት ነው፤ ጥቂት ሳተላይቶች ባሉበት ሁሉም ጠያቂ የፈለገውን ሊያገኝ አይችልም። ሦስተኛው የጠያቂዎቹ ብዛት ነው።

አራተኛው መመዘኛ በመዋቅር ሥዕል ላይ የማይታይ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እርሱም ሰብሳቢው ስለ ምንጩ የሚያውቀው ነገር ወደ ተንታኙ የሚመለስበት መንገድ ነው። ምንጩ ነገሩን በዓይኑ አየ ወይስ ከሌላ ሰው ሰማ? ገንዘብ ወይም ጥገኝነት ይፈልጋል? ቀደም ሲል የተናገረው ተረጋግጧል? በእኔ ግምት ከታወቁት የስለላ ውድቀቶች መካከል ከባዶቹ የተፈጠሩት ጥያቄው ሳይወርድ ቀርቶ ሳይሆን ይህ መልስ ሳይወጣ ቀርቶ ስለሆነ፣ በንጽጽሩ ውስጥ ትልቁን ክብደት የሰጠሁት ለዚህ መመዘኛ ነው።

ከላይ የሚወርድ የቅድሚያ ዝርዝር

በዚህ አሠራር የአገሪቱ መሪዎች ስለ ምን ማወቅ እንደሚፈልጉ በደረጃ ከፋፍለው ያሳውቃሉ፤ ሰብሳቢዎቹም በጀታቸውንና ሰዎቻቸውን በዚያ ልክ ይመድባሉ። በአሜሪካ የማዕከላዊ ስለላ ዳይሬክተር የነበሩት ዊልያም ኮልቢ በ1970ዎቹ መጀመሪያ «ቁልፍ የመረጃ ጥያቄዎች» የሚል ዝርዝር አስተዋውቀው ነበር። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ1995 ባወጡት መመሪያ ቅድሚያዎቹን በደረጃ መደቡ፤ በ2003 ደግሞ በፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ ዘመን ብሔራዊ የመረጃ ቅድሚያዎች ማዕቀፍ የሚባለው ሠንጠረዥ ተተካ። ሠንጠረዡ በአንድ በኩል ርዕሰ ጉዳዮችን፣ በሌላ በኩል አገሮችንና ቡድኖችን አስቀምጦ በመገናኛቸው ላይ የቅድሚያ ደረጃ ይሰጣል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ብዙ ተቋማት ባሉበት አገር ሁሉም አንድ ወረቀት ያያሉ፤ ምክር ቤቱም ገንዘቡ ወዴት እንደሄደ ሊጠይቅ ይችላል። ድክመቱን በሚገባ ያሳየው የ1995ቱ መመሪያ ነው። የሴፕቴምበር 11ን ጥቃት የመረመረው የአሜሪካ ምክር ቤቶች የጋራ አጣሪ እንዳመለከተው፣ መመሪያው በየጊዜው እንዲከለስ የሚል ቃል ቢኖረውም በመደበኛ መንገድ አልተሻሻለም፤ የሽብርተኝነት ስጋት ከፍ ሲል ለእርሱ ቦታ ለመልቀቅ ከላይኛው ደረጃ ዝቅ የተደረገ ሌላ ጉዳይ አልነበረም። ዝርዝር ሲጀመር አጭር ነው፤ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ጉዳይ ወደ ላይ ሲገፋ ግን ሁሉም አንደኛ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሰብሳቢው ከአንደኞቹ መካከል የሚቀለውን ይመርጣል። ከዚህም በላይ ሠንጠረዥ «ኢራን፣ ኑክሌር፣ ከፍተኛ» ሊል ይችላል እንጂ የትኛው ፋብሪካ፣ በየትኛው ወር፣ ምን ዓይነት ማሽን እንደሚተክል ሊጠይቅ አይችልም። ለዚያ ጥያቄ ተንታኝና ሰብሳቢ መነጋገር አለባቸው። ስለሆነም ይህ አሠራር ለበጀት ክፍፍል አስፈላጊ ነው፤ ብቻውን ግን የዕለት ሥራን ሊመራ አይችልም።

በመሣሪያ ዓይነት የተደራጀ የጋራ ኮሚቴ

መሣሪያው ውድና ጥቂት ሲሆን ጠያቂዎቹን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ ማከራከር የተሻለ ውጤት ይሰጣል። አሜሪካ በኦገስት 1960 የዩ-2 አውሮፕላንንና አዲሶቹን ሳተላይቶች ዒላማ የሚመርጥ የአየር ላይ ቅኝት ኮሚቴ አቋቋመች፤ ሊቀ መንበሩም ጄምስ ሪበር ነበሩ። በኮሚቴው ውስጥ የተለያዩ ተቋማት ተወካዮች የየራሳቸውን ተንታኞች ጥያቄ አቅርበው በዒላማዎቹ ቅደም ተከተል ላይ ይስማማሉ።

የኮሚቴውን ጥንካሬና ድካም በአንድነት የሚያሳየው የ1962ቱ የኩባ ጉዳይ ስለሆነ ረዘም አድርጎ ማየቱ ይጠቅማል። በኦገስት 29 የተደረገ የዩ-2 በረራ በምዕራብ ኩባ የፀረ አውሮፕላን ሚሳይል ጣቢያዎች መተከላቸውን አረጋገጠ። የሲአይኤ ዳይሬክተር ጆን ማኮን እነዚህ ጣቢያዎች የሚጠብቁት አንድ ትልቅ ነገር መኖር አለበት ብለው ሲጠረጥሩ፣ የሴፕቴምበር 19ኙ ብሔራዊ ግምት (የስለላ ተቋማቱ በጋራ የሚያወጡት የትንተና ሰነድ) ግን ሶቪየት ኅብረት የኑክሌር ሚሳይል በኩባ ትተክላለች ብሎ እንደማያምን ገለጸ፤ ሆኖም ጉዳዩ በጥንቃቄ ሊጠና እንደሚገባ ሳይጠቁም አላለፈም። በዚህ መካከል በሴፕቴምበር መጀመሪያ ሌላ ዩ-2 በቻይና ላይ ስለወደቀና የውጭ ጉዳይ ባለሥልጣናት ተመሳሳይ ክስተት በኩባ ላይ እንዳይደገም ስለሰጉ፣ በረራዎቹ አጭርና ከጠረፉ ብዙ ያልራቁ እንዲሆኑ ተወሰነ። በውጤቱም የደሴቲቱ ምዕራባዊ ክፍል ለሳምንታት ሳይታይ ቆየ።

ክፍተቱን የዘጋው በሌላ መንገድ የተሰበሰበ መረጃ ነው። ከኩባ የሚወጡ ስደተኞች በፍሎሪዳ ኦፓ-ሎካ በሚገኝ ማዕከል ቃለ መጠይቅ ይደረግላቸው ነበር፤ በደሴቲቱ ውስጥ ያሉ ሰላዮችም ሪፖርት ይልኩ ነበር። ከእነዚህ መካከል ረጃጅም ተጎታች ተሽከርካሪዎች ስለመታየታቸውና በፒናር ዴል ሪዮ ክፍለ ሀገር በሳን ክሪስቶባል አካባቢ የተከለለ ሥፍራ ስለመኖሩ የሚናገሩ ነበሩ። በመከላከያ ስለላ ድርጅት የነበሩት ኮሎኔል ጆን ራይት በዚያው አካባቢ ያሉት የፀረ አውሮፕላን ጣቢያዎች በሶቪየት ኅብረት ውስጥ የረጅም ርቀት ሚሳይሎችን ለመጠበቅ የሚተከሉበትን ቅርጽ መያዛቸውን አስተዋሉ። ጥቆማው ወደ ኮሚቴው ቀረበ፤ ሳን ክሪስቶባልም በዒላማው ዝርዝር ወደ ላይ ወጣ። ኦክቶበር 14 ሻለቃ ሪቻርድ ሃይዘር ያበረሩት አውሮፕላን 928 ፎቶግራፎችን ይዞ ተመለሰ፤ በማግስቱ ተንታኞቹ ሚሳይሎቹን ለዩ፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲም ኦክቶበር 16 ተነገራቸው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይወጣል። ኮሚቴው አንድ ተንታኝ በትክክል ያጠበበውን ጥያቄ ወደ አንድ የበረራ መስመር መለወጥ ችሏል፤ «ኩባን እዩ» የሚል ጥያቄ ይህንን ሊያደርግ ባልቻለም ነበር። በሌላ በኩል ፖለቲካዊ ስጋት በረራውን ሲያጠበው ኮሚቴው ተንታኞቹ ምን ያህል ቦታ ሳያዩ እንደቀሩ በጊዜው ለመሪዎቹ ጮክ ብሎ አልነገረም። ኮሚቴ የሚመርጥ ሰው ከዒላማው ዝርዝር ጎን ያልታዩትን ቦታዎች ዝርዝር የሚያቀርብ አካል እንዲኖር አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል። በ1967 የምስሉ ሥራ ለራሱ ኮሚቴ ተሰጠ፤ አሠራሩም በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ሁሉ ቀጠለ።

ስለ ውድ መሣሪያዎች ሲነሣ በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ሥር በነበረችው አስመራ የነበረውን የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ማስታወስ ተገቢ ነው። እዚያ ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1975 ስቶንሃውስ የተባለ ክፍል 46 ሜትርና 26 ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ሁለት አንቴናዎች ሶቪየቶች ወደ ሩቅ ሕዋ ካመጠቋቸው መንኮራኩሮች የሚመጣውን ምልክት ይቀበል ነበር። ቦታው የተመረጠው አስመራ ከፍታ ላይ በመሆኗና በክራይሚያ ከሚገኘው የሶቪየቶች የሕዋ መገናኛ ጣቢያ ጋር በተቀራረበ ኬንትሮስ ላይ ስለምትገኝ ነው፤ መንኮራኩሩ ለክራይሚያ መልእክት ሲልክ አስመራም ትሰማለች። እንዲህ ያለ ጣቢያ የሚተከለው ተንታኞች ለዓመታት የማይለወጥ ጥያቄ ሲኖራቸው ብቻ ነው፤ ጥያቄው ቢቀየር አንቴናውን ነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ አይቻልምና።

በሰብሳቢው ቤት የሚቀመጥ የጠያቂው ሰው

ብሪታንያ የሄደችበት መንገድ የተለየ ነው። በ1921 በተደረሰው ስምምነት የጦር ሚኒስቴር፣ የባሕር ኃይልና የአየር ኃይልን የመሳሰሉት መረጃ ፈላጊ መሥሪያ ቤቶች የራሳቸውን ክፍሎች በውጭ ስለላ ድርጅቱ ውስጥ አስቀመጡ። እነዚህ ክፍሎች ጥያቄውን ለሰላይ አሠማሪዎች ያስተላልፋሉ፤ የሚመጣውንም ሪፖርት መርምረው ለጠያቂው ያደርሳሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ድርጅቱ መረጃ የሚያመርተውን ወገን ጥያቄ ከሚቀበለውና ጥራቱን ከሚቆጣጠረው ወገን ለይቶ ማደራጀቱን ቀጠለ።

በአራተኛው መመዘኛ ሲታይ ከአምስቱ ይህ አሠራር ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ጥራት ተቆጣጣሪው የምንጩን ማንነት ለማወቅ የሚያስችል ቅርበት አለው፤ ነገር ግን ብዙ ሪፖርት ስለተላከ የሚሸለም ሰው አይደለም። «ይህ ምንጭ ይህንን ሊያውቅ የሚችለው እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በሩቅ ካለ ተንታኝ ቀድሞ በዚያው ሕንፃ ውስጥ ይገኛል።

ሆኖም ጥቅሙ በሙሉ የተንጠለጠለው በሰውየው ነጻነት ላይ ነው። በኢራቅ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያዎች ጉዳይ በሎርድ በትለር የተመራው አጣሪ በ2004 ባወጣው ሪፖርት፣ የጥራት ቁጥጥሩን የያዙት መኮንኖች በአምራቾቹ ቡድኖች ሥር በመጠቃለላቸውና በሰው ኃይል ቁጠባ ምክንያት ቁጥጥሩ መዳከሙን ገልጿል። በሴፕቴምበር 2002፣ መንግሥት ስለ ኢራቅ መሣሪያዎች ያዘጋጀውን ሰነድ ለሕዝብ ሊያወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ስለ ኬሚካልና ባዮሎጂካል መሣሪያ ምርት የሚናገር አዲስ ሪፖርት ደረሰ፤ ምስጢርነቱ ከፍተኛ ነው ተብሎም በመከላከያ የስለላ ክፍል ለሚገኙት የዘርፉ ባለሙያዎች ሳይታይ ቀረ። በዚያ ክፍል የኬሚካልና ባዮሎጂካል ቅርንጫፉን ይመሩ የነበሩት ዶክተር ብራያን ጆንስ በሰነዱ አገላለጽ ላይ ቅሬታቸውን በጽሑፍ ሲያቀርቡ፣ እነርሱ ያላዩት ሪፖርት ጥርጣሬያቸውን እንደሚያስወግድ ተነገራቸው። ያ ሪፖርት በጁላይ 2003 ምንጩ የማይታመን ሆኖ በመገኘቱ ተሰረዘ። የበትለር አጣሪም ለባለሙያዎቹ ሊታይ የሚችልበት መንገድ መፈለግ ነበረበት ብሏል።

ስለዚህ ይህንን አሠራር የሚመርጥ ተቋም አገናኙን መኮንን ማን እንደሚሾመው፣ ማን እንደሚያሳድገውና ማን እንደሚያነሣው በመጀመሪያ ይወስን። መልሱ «የሰላይ አሠማሪው አለቃ» ከሆነ ይህንን አሠራር አልመረጠም ማለት ነው።

ተንታኙና ሰብሳቢው በአንድ ክፍል

ሲአይኤ በፌብሩዋሪ 1986 ፀረ ሽብር ማዕከሉን ሲከፍት ተንታኞችንና የመስክ መኮንኖችን በአንድ አለቃ ሥር አስቀመጠ። በ2015 ዳይሬክተሩ ጆን ብሬናን አሠራሩን ወደ መላው ድርጅት በማስፋት 10 የተልእኮ ማዕከላትን አቋቋሙ። ዓላማው ጥያቄው በወረቀት ላይ ሳምንታትን ከሚቆይ ተንታኙ ዞር ብሎ የመስክ መኮንኑን እንዲጠይቅ ነው።

ለፈጣን ጥያቄ ከዚህ የሚሻል የለም። ቢን ላደንን በማደኑ ሥራ ተንታኞቹ ከመልእክተኛው ተነሥተው በአቦታባድ ወደሚገኘው ግቢ የደረሱት በየደረጃው የሚቀጥለውን የመሰብሰብ ሥራ ራሳቸው እየጠቆሙ ነው። ዒላማ ለይቶ የሚከታተል ተንታኝ የሚባለው ሙያም ያደገው በእነዚህ ማዕከላት ውስጥ ነው።

ይሁን እንጂ ግድግዳ ማፍረስ በራሱ መረጃን አያጋራም፤ ግድግዳው ወደ ማዕከሉ ዙሪያ ሊዛወር ይችላል። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት ፈጻሚዎች መካከል የነበሩት ኻሊድ አል-ሚህዳርና ናዋፍ አል-ሃዝሚ በጃንዋሪ 2000 በኳላ ላምፑር በተደረገ ስብሰባ ላይ እንደተገኙ የፀረ ሽብር ማዕከሉ ያውቅ ነበር፤ ስማቸው ግን ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ በሚከለክለው ዝርዝር የገባው በኦገስት 2001 ነው። ሁለተኛው አደጋ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ከሰብሳቢው ጋር አብሮ ዘመቻውን ያቀደ ተንታኝ የዘመቻውን ውጤት እንደ ውጭ ሰው መመዘን ይከብደዋል፤ ዓመታት የሚወስዱ ጥናቶችም የዕለቱን ጥያቄ ለመመለስ ሲባል ወደ ጎን ይገፋሉ። በዚህ ምክንያት ማዕከል የሚያቋቁም ሁሉ ከማዕከሉ ውጭ ያለ፣ የማዕከሉን ግምት የሚፈትሽ ሌላ የትንተና ክፍል ሊያስቀር ይገባል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል እንዲሉ።

ተንታኙ አዛዥ ሲሆን

በመጨረሻ የምንመለከተው ተንታኙ ራሱ ሰብሳቢውን የሚያዝበት አሠራር ነው። በ1973 የእስራኤል ወታደራዊ ስለላ የአገሪቱን ብሔራዊ ግምት ብቻውን ይዞ ነበር፤ አለቃው ጄኔራል ኤሊ ዘይራ በትንተናውም በመሰብሰቡም ላይ ሥልጣን ነበራቸው። ግምቱ ግብፅ ረጅም ርቀት የሚሄዱ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችንና ሚሳይሎችን ሳታገኝ አትዋጋም፤ ሶርያም ያለ ግብፅ አትዋጋም የሚል ነበር። ጦርነቱ ሲቃረብ የጠለፋ ክፍሉ አዛዥ ልዩ የሚባሉት የማዳመጫ መሣሪያዎች እንዲሠሩ ቢጠይቁም ዘይራ አልፈቀዱም። ጦርነት የለም ብሎ ያመነ ሰው መሣሪያውን የማጋለጥ አደጋ የሚገባው ጥያቄ መሆኑን ሊያይ አልቻለም። የአግራናት ኮሚሽን በ1974 ዘይራ ከኃላፊነታቸው እንዲነሡና ከወታደራዊው ስለላ ውጭ፣ በሞሳድና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ውስጥ፣ ተጨማሪ የትንተና አቅም እንዲጠናከር ሐሳብ አቀረበ።

አሠራሩ ለትናንሽ አገሮች ማራኪ ነው፤ ርካሽ ነው፤ መመሪያውም ፈጣንና አንድ ወጥ ነው። ለወታደራዊ ግንባር ያህል ሊሠራ ይችላል። ለብሔራዊ ማስጠንቀቂያ ግን፣ ሰብሳቢው ከተንታኙ እምነት ውጭ በራሱ ሥልጣን ሊያዳምጥ የሚችልበት ድርሻ ካልተተወለት በቀር፣ አልመክረውም።

ምርጫው

ጠያቂዎቹ ብዙ ሆነው የሚወዛገቡት በገንዘብ ላይ ከሆነ የቅድሚያ ዝርዝሩ ይቅደም፤ ዝርዝሩ ግን አዲስ ጉዳይ ወደ ላይ ሲወጣ የትኛው እንደሚወርድ በስም እንዲጠቅስ ይገደድ። ችግሩ የሳተላይት፣ የአውሮፕላን ወይም የጠለፋ አቅም እጥረት ከሆነ ኮሚቴው ይሻላል። አብዛኛው መረጃ ከሰው የሚገኝ ከሆነና ጥያቄው ዓመታትን የሚወስድ ከሆነ የብሪታንያው አገናኝ ክፍል፣ ነጻነቱ ተጠብቆ፣ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ጥያቄው በሰዓታት የሚለወጥ ሲሆን ማዕከሉ ያስፈልጋል። አነስተኛ በጀት ያለው ተቋም ሁለቱን ለማጣመር ቢገደድ፣ አጭር ዝርዝርና ጥቂት ነጻ አገናኝ መኮንኖች በብዙ ማዕከላት ከተበታተነ የሰው ኃይል የበለጠ ይሠራሉ።

የተመረጠው አሠራር የትኛውም ይሁን፣ በደንቡ ውስጥ ሁለት አንቀጾች እንዲገቡ አጥብቄ እመክራለሁ። አንደኛው ሰብሳቢው ምንጩን በራሱ ሊያነጋግር ካልቻለ ያ እውነት በሪፖርቱ ራስጌ እንዲጻፍ የሚያስገድድ ነው። «ከርቭቦል» በሚል የምስጢር ስም የሚታወቀው ኢራቃዊ በጀርመን ስለላ እጅ ነበር፤ ጀርመኖች አሜሪካኖቹ በቀጥታ እንዲያነጋግሩት አልፈቀዱም፤ ሆኖም በጃንዋሪ 2000 እና በሴፕቴምበር 2001 መካከል ወደ 100 የሚጠጉ ሪፖርቶቹ በአሜሪካ መከላከያ በኩል ተሰራጭተው ስለ ኢራቅ ባዮሎጂካል መሣሪያ የተንታኞቹ ዋና ማስረጃ ሆኑ።

ሁለተኛው አንቀጽ ስለ ስረዛ ነው። በሜይ 2002 የአሜሪካ መከላከያ የሰው ምንጭ አገልግሎት ሌላ ኢራቃዊ ምንጭ ውሸታም መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ አወጣ፤ ቀደም ሲል የተላከው ሪፖርት ግን ከተንታኞቹ የመረጃ ቋት አልተነሣም፤ ማስታወቂያውም ከእርሱ ጋር አልተያያዘም። በመሆኑም የዚያው ሰው ቃል በኦክቶበር 2002 ብሔራዊ ግምት ውስጥ ገባ፤ በፌብሩዋሪ 2003ም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮሊን ፓወል ለጸጥታው ምክር ቤት ባደረጉት ንግግር ውስጥ ተጠቀሰ። ስለዚህ አንቀጹ እንዲህ ሊል ይገባል፦ ሪፖርት የላከ ክፍል ሪፖርቱን ሲሰርዝ ስረዛው በዋናው ሪፖርት ላይ ይታተማል፤ ሪፖርቱን ለተቀበለ ተንታኝ ሁሉ በስሙ ይደርሳል፤ ተንታኙም በዚያ ሪፖርት ላይ ተመሥርቶ የጻፈውን ግምት መልሶ መመርመሩን በጽሑፍ ያረጋግጣል።